ኮዱ «ሴንሰር ቀይሩ» አላለም፦ ጠዋት ጠዋት ቼክ ኢንጅን ለምታበራው የደሴ ኮሮላ

ሰላም ነሽ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ እንደ መካኒክ፣ አንዴ ደሞ ኪሱ እንደተራቆተ ሰው፣ ሁለተኛው ላይ ተናድጄልሻለሁ። ሌላውም ሰው እንዲከታተለን ያልሽውን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከአባትሽ የተረከብሻት በፈረንጅ የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለችሽ፣ ባለ 1.8 ቤንዚን፣ ምታድረው ደሴ ነው፣ ደጅ ላይ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይዘሻት ትወርጃለሽ። ከኅዳር ጀምሮ ቼክ ኢንጅን የሚሉት የሞተር መብራት በራ፣ ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ቤንዚን መብላትም ጀመረች። በመሃል ለዘመድ ሠርግ ባቲ ሳምንት ከርመሽ መብራቱ ማንም ሳይነካው ጠፋ፣ ደሴ ተመልሰሽ ጥቂት ሌሊት ካደረች በኋላ እንደገና በራ። ጋራዥ ወሰድሻት፣ ኮምፒውተር ሰኩላት፣ ፒ0171 አለ፣ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» ብለው የፊተኛውን ቀየሩልሽ። ሁለት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ፣ አሁን ፒ0171 እዛው ቁጭ ብሏል፣ ላዩ ላይ ደሞ ፒ0135 ተደርቧል። አንዱ «የደሴ ከፍታ ነው» ይልሻል፣ አንዱ «ካታሊስቱን (የጭስ ማጽጃውን) አስወጪና ገላግያት»፣ ጋራዡ ደሞ «የኋለኛውም ሴንሰር መቀየር አለበት»። ያንቺ ጥያቄ «ጋሼ፣ የኋለኛውን ልግዛ ወይስ ለፊተኛው ኦሪጅናል ልፈልግ?» ነው።

ምንም አትግዢ። ለጊዜው አንድም ነገር። አብሽሪ፣ ከነገርሽኝ ተነስቼ መኪናሽ ላይ የከፋ ነገር ያለ አይመስለኝም፣ ግን አንድ የነበረውን ችግር ሁለት አድርገውልሻል፣ እሱን ደሞ ቀስ ብለን ነው ምንፈታው።

መጀመሪያ ይሄ ኮድ የሚሉት ነገር። ሰዉ ስካነር ሲሰካ መኪናው ራሱ «ይሄ ዕቃዬ ተበላሽቷል» ብሎ ሚናገር ይመስለዋል። አይደለም። ኮድ ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0171 ማለት «ሲስተሙ ሊን ነው» ማለት ነው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንፃር ቤንዚኑ አንሷል፣ ወይም ከቤንዚኑ አንፃር ኮምፒውተሩ ያልቆጠረው አየር ከሆነ ቦታ እየገባ ነው። ታዲያ ኮምፒውተሩ ይሄንን በምን አወቀ? በፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር። ሴንሰሩ የጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ «እዚህ ጋ የተረፈ ኦክስጅን በዝቷል» እያለ ይመሰክራል። ሥራውን እየሠራ ነው! ጋራዡ ያደረገው ምስክሩን መቀየር ነው፣ ሌባው እቤት ውስጥ እንዳለ።

ሴንሰሩ ራሱ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ለሱ የተለየ ቁጥር አለው። ለፊተኛው ከፒ0130 እስከ ፒ0135፣ ለኋለኛው ከፒ0136 እስከ ፒ0141። 0133 ካለ ሴንሰሩ ቀርፋፋ ሆኗል፣ 0134 ካለ ጭራሽ ድምፁ ጠፍቷል፣ 0135 ካለ ደሞ ውስጡ ያለው ማሞቂያ መስመር ላይ ችግር አለ። አንዳንዴ ስካነሩ «ባንክ ዋን» ሲል ሰው ግራ ይገባዋል፣ ብር ያለበት ባንክ አይደለም፣ የሲሊንደሮቹ ረድፍ ማለት ነው፣ ያንቺ ባለ አራት ሲሊንደር ስለሆነች ያላት አንድ ባንክ ብቻ ነው። እና ልብ በይ፣ መጀመሪያ ስትሄጂ ከነዚህ ቁጥሮች አንዱም አልነበረም። ፒ0135 የመጣው ሴንሰሩ ከተቀየረ በኋላ ነው። ይሄን ነው «ችግሩን ሁለት አደረጉት» ያልኩሽ።

አሁን ስለ ሴንሰሩ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ያንቺ 0135 ሚገባሽ በዚህ በኩል ነው። ነገሩ አሮጌ ፈጠራ ነው፣ ቦሽ ሠርቶት መጀመሪያ በፈረንጅ 1976 ቮልቮ ላይ የተገጠመ። ጫፉ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ ነው፣ ባንድ በኩል የውጭ አየር ይነካዋል፣ በሌላ በኩል ጭሱ፣ በሁለቱ መካከል ባለው የኦክስጅን ልዩነት ቮልት ያመነጫል። ተራው ዓይነት ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል፣ ሞተሩ ሞቆ ደህና ሲሠራ የፊተኛው እላይ እታች ሲል ታዪዋለሽ፣ እንደ እስክስታ። ሚፈለገው ሚዛን በክብደት 14.7 አየር ለ1 ቤንዚን ነው። ግን ይሄ ሴራሚክ ቀዝቃዛ ሆኖ አይሠራም፣ ከ300 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፣ ጭሱ እስኪያሞቀው ላለመጠበቅ ነው ውስጡ ማሞቂያ ሽቦ የገባለት።

ሁለተኛ ዓይነት ደሞ አለ፣ ኤ/ኤፍ (የአየርና የቤንዚን ምጣኔ) ሴንሰር የሚባለው። ቶዮታ ብዙ መኪኖቹ ላይ ከፊት የሚገጥመው እሱን ነው። መልኩ ያው ነው፣ ሽቦው ያው አራት ነው፣ ሶኬቱም አንዳንዴ ገጥሞ ቀጭ ይላል። አሠራሩ ግን ሌላ ነው፣ እላይ እታች አይልም፣ ሚዛኑ ልክ ሲሆን ወደ 3.3 ቮልት ላይ ይቀመጣል፣ አየር ሲበዛ ደሞ ከተራው ተቃራኒ ቮልቱ ይጨምራል። (ርካሽ ስካነር ላይ 3.3 በማየት ፈንታ 0.66 ካየሽ አትደንግጪ፣ አሮጌ ቶዮታዎች ለአጠቃላይ ስካነር ቁጥሩን ለአምስት አካፍለው ነው ሚያሳዩት። እኔን ራሴን አንድ ሰሞን አሞኝቶኛል።) ማሞቂያውም ይለያል። ብዙ የቶዮታ ሴንሰር ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ በመልቲሜትር ስትለኪው የተራው ማሞቂያ ከ11 እስከ 16 ኦም ገደማ ነው፣ የኤ/ኤፉ ግን ከ1.8 እስከ 3.4። ስለዚህ ኤ/ኤፍ ይፈልግ የነበረ ቦታ ላይ ከሌላ መኪና የተፈታ ተራ ሴንሰር ሲሰኩበት ኮምፒውተሩ ለማሞቂያው ኤሌክትሪክ ይልካል፣ የጠበቀውን ያህል አይሄድም፣ «ማሞቂያው ተበላሽቷል» ብሎ 0135 ይጽፋል። ሴንሰሩ አዲስ ይሁን አሮጌ ለውጥ የለውም፣ ዓይነቱ ነው የተሳሳተው።

ያንቺ ላይ የተፈጠረው ይሄ ነው ብዬ መኪናዋን ሳላይ አልምልም። ፊውዝ ተቃጥሎም ሊሆን ይችላል፣ ሲገጥሙ ሽቦ ጎድቶም ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደሞ ያንን ሶኬት ቆርጠው ሽቦ በሽቦ ጠምዝዘው በስኮች ጠቅልለውት ይሆናል፣ ይሄ እኛ ጋ የተለመደ በሽታ ነው። ግን ማጣራቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሯ ቀዝቃዛ እያለች የፊተኛውን ሴንሰር ሶኬት ንቀሉት፣ ከሴንሰሩ ከሚወጡት አራት ሽቦዎች ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም ናቸው፣ እነሱ የማሞቂያው ናቸው፣ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ እነሱን ለኩ። የድሮው ሴንሰር ካለ እሱንም እንዲሁ ለኩት። አንዱ 2 ሌላው 13 ካለ ነገሩ አልቋል። ሌላም ማወቂያ አለ፣ የቶዮታ ዕቃ ቁጥር 89467 ብሎ ከጀመረ ኤ/ኤፍ ነው፣ 89465 ብሎ ከጀመረ ተራው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። መኪናዋ ከአሜሪካ የመጣች ከሆነች ደሞ ኮፈኑን ስትከፍቺ የተለጠፈ የጭስ መግለጫ ወረቀት ላይ ራሱ «ኤ/ኤፍ ሴንሰር» ብሎ ተጽፎ ልታገኚው ትችያለሽ። ካርቶኑ ላይ «ለኮሮላ» የሚል ጽሑፍ ግን ማስረጃ አይደለም፣ ኮሮላ ስንት ዓይነት ነው።

አንድ ነገር ደሞ፣ የተሳሳተ ዓይነት ሴንሰር ተሰክቶ እያለ ስለ 0171 ምንም መመርመር አይቻልም። ኮምፒውተሩ በማያውቀው ቋንቋ እየተነገረው ነው፣ ሚያወጣው ቁጥር ሁሉ የቅዠት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትክክለኛው ሴንሰር ይመለስ፣ ሌላው ከዛ በኋላ ነው።

እሺ፣ ወደ ሌባው እንምጣ። ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ቀጥ አድርጎ ያስቀመጠኝ የባቲው ነገር ነው። ምን መሰለሽ፣ ይሄ መብራት ዝም ብሎ አይበራም ዝም ብሎም አይጠፋም። አብዛኛው ኮድ ሁለት ተከታታይ ጉዞ ላይ ጥፋቱን ሲያይ ነው መብራቱን ሚያበራው፣ ለዛ ነው ጋራዡ ኮዱን አጥፍቶልሽ «ሁለት ቀን ደህና» የሆነችው፣ የዳነች መስሏችሁ። ሲጠፋም እንዲሁ ነው፣ ሦስት ተከታታይ ጉዞ ጥፋቱን ካጣው መብራቱን ራሱ ያጠፋል፣ ኮዱ ግን ውስጥ ተመዝግቦ ይቆያል፣ ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ከቅዝቃዜ ተነስቶ ሞቆ ያለ ጥፋት እስኪሠራ። እና ባቲ ሳምንት ስትከርሚ መብራቱ ጠፋ ማለት እዛ ጥፋቱ አልነበረም ማለት ነው። ሴንሰር የሞተ ቢሆን ባቲ ሲወርድ አይነሳም። ደሴና ባቲ ላይ ሚለየው ምንድነው? የጠዋቱ ብርድ። ደሞ የጀመረሽ በኅዳር ነው፣ ሚያንቀጠቅጣት ጠዋት ነው። ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ነው ጣት ሚቀስሩት፦ ሲቀዘቅዝ ሚከፈት፣ ሲሞቅ ሚዘጋ ቀዳዳ።

የ2004 ኮሮላ ባለ 1.8 ሞተር ብዙ ጊዜ ዋን ዜድ ዜድ የሚባለው ነው፣ እና ይሄ ሞተር በዚህ ነገር የታወቀ ነው። አየር ማስገቢያው፣ ኢንቴክ ማኒፎልዱ፣ ፕላስቲክ ነው፣ ከቴስታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር ሚገናኝበት ላይ የጎማ ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያ ማለት ነው፣ አለ። ያ ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ብርድ ሲመታው ይኮማተራል፣ በዛች ክፍተት አየር ሹልክ ብሎ ይገባል፣ ያ አየር በአየር መለኪያው በኩል ስላላለፈ ኮምፒውተሩ አልቆጠረውም። ሞተሩ ሲሞቅ ፕላስቲኩም ጎማውም ይለጠጥና ይዘጋል። መካኒኩ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከቤትሽ እሱ ጋ ድረስ ሞቃ የመጣችለትን መኪና ሲያይ ምን ያገኛል? ምንም። ስለዚህ ኮዱን ያነባል፣ ሴንሰር ይላል።

ይሄን ምልሽ ከመጽሐፍ አይደለም፣ እኔው ራሴ የሠራሁት ስህተት ነው። ዓመታት አልፈውታል፣ ከሐይቅ ከተማ አንድ አስተማሪ ያንቺኑ የመሰለች መኪና አመጣ፣ ያው ኮድ፣ እኔም ያኔ ስካነር አዲስ ገዝቼ እንደ ነቢይ ነበር ሚያደርገኝ፣ ሴንሰር አስገዛሁት፣ ገጠምኩለት፣ መረቀኝ ሄደ። በአራተኛው ቀን መጣ። አልተቆጣም፣ አልተናገረም፣ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ቁጭ አለ። ከስድብ ይከፋል ወላሂ። መኪናዋ እኔ ጋ ትደር አልኩት። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የቶሳ ተራራ ብርድ ጣት ሚያደነዝዝበት ሰዓት፣ ኮፈኗን ከፍቼ አስነሳኋት፣ ትንቀጠቀጣለች፣ በሲሪንጅ ውሃ ይዤ ማኒፎልዱና ቴስታው ሚገናኙበት መስመር ላይ ከዳር ጀምሬ ጠብ ጠብ አደረግኩ። ሁለተኛው ሲሊንደር ጋ ስደርስ ውሃው ጠፋ። ሲንጠባጠብ አላየሁትም፣ ሲፈስ አላየሁትም፣ ሽር ብሎ ተሳበ፣ በዛችው ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ተስተካከለና እንደገና ተንገጫገጨ። ስንፈታው ጓርኒሲዮኑ ክብ ጀርባው ጠፍጥፎ እንደ ደረቀ ጠፍር ሆኗል፣ በጥፍር ብትጫኚው ምልክት አይቀበልም። የሴንሰሩን ዋጋ መለስኩለት። የጓርኒሲዮኑ ዋጋ ከሴንሰሩ ጋር ሲተያይ የቡና ነበር።

ስለዚህ ያንቺንም እንደዚ ነው ምትመረመረው። ማታ ጋራዥ ትግባና ትደር፣ ጠዋት ሳትነሳ እነሱ ይቅደሟት። ጭስ ማሽን ያለው ቤት ካገኘሽ ከሁሉም እሱ ይሻላል፣ አየር ማስገቢያው ውስጥ ቀለል ባለ ግፊት ጭስ ይነፋበታል፣ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ላይ ልክ እንደ ቡና እጣን ቀጭን ሆኖ ሲወጣ ታዪዋለሽ፣ እኔ የራሴን ከሕፃን ቅባትና ከአሮጌ ቆርቆሮ ነው የሠራሁት፣ ሚሰደብ አይደለም። አንዳንዱ ካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ እየነፋ ይፈልጋል፣ ይሠራል፣ ግን ተቀጣጣይ ነገር የጋለ ጭስ መውጫ አጠገብ ነው፣ አንቺ እቤትሽ እንዳትሞክሪው።

ከዛ በፊት ደሞ ስካነሩ ራሱ ብዙ ሚናገረው ነገር አለው፣ ግን ማንም አይጠይቀውም። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ በዛች ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ ፎቶ እንደማንሳት ያስቀምጠዋል፣ ፍሪዝ ፍሬም ይሉታል፦ የሞተር ሙቀት ስንት ነበር፣ ዙሩ ስንት፣ ፍጥነቱ ስንት፣ የቤንዚን ማስተካከያው ስንት። ያንቺ ላይ ሙቀቱ ገና ዝቅ ያለ፣ ዙሩ ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) አካባቢ፣ ፍጥነቱ ዜሮ ወይ ቀሰስተኛ ሆኖ ከተገኘ ሌባው በሩ ላይ ተያዘ ማለት ነው። ኮዱን በማጥፋትና ባትሪ በመንቀል ይሄ ፎቶ አብሮ ይጠፋል፣ «ባትሪውን ነቅለሽ አሥር ደቂቃ ጠብቂ» የሚልሽን ሰው ለዚህ ነው ምትሸሺው።

ሌላው ፊውል ትሪም የሚባለው ነው። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ምን ያህል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ ያሳያል፣ ያሁኑን ለብቻ የቆየውን ለብቻ። ሁለቱን ደምሪያቸው፣ ከ10 ሲደመርም ሲቀነስም ካላለፈ ደህና ነው፣ ወደ 25 ሲጠጋና ሲያልፍ 0171 ይመጣል። ቁም ነገሩ ግን ሁለት ቦታ ላይ ማየት ነው፣ አንዴ በሚኒሞ፣ አንዴ ዙሩን 2,500 ላይ ይዞ። በሚኒሞ 24 የነበረው 2,500 ላይ 5 ከሆነ አየር ከአየር መለኪያው ኋላ እየገባ ነው፣ ምክንያቱም ቀዳዳው ያው ነው፣ ሞተሩ ሚስበው አየር ሲበዛ ግን የቀዳዳዋ ድርሻ ታንሳለች። ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዙር ሲጨምር ወይ ዳገት ላይ ሚብስ ከሆነ ደሞ ፊትሽን ወደ ቤንዚኑ ፓምፕ፣ ወደ ቤንዚን ፊልትሮው፣ ወይ ወደ አየር መለኪያው አዙሪ። አየር መለኪያው ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለች ሽቦ ናት፣ ርካሽ ፊልትሮ ያሳለፈው አቧራ ሲለብሳት አየሩን አሳንሳ ትቆጥራለች፣ ለሷ ተብሎ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ትጸዳለች፣ በጨርቅና በጥርስ ብሩሽ አይደለም።

ጓርኒሲዮኑ ደህና ሆኖ ከተገኘ ቀጥሎ ሚታየው ከሞተሩ ላይ ወደ ማኒፎልዱ ምትሄደው የላስቲክ ቱቦ ናት። ከላይ ስታያት ሙሉ ናት፣ መታጠፊያዋ ላይ ከሥር ጣትሽን ስታስገቢ ግን የዘይት እርጥበትና ስንጥቅ ታገኚያለሽ። ከዛ ደሞ የጭስ መውጫው፣ ከፊተኛው ሴንሰር በፊት ያለው ክፍል ላይ ቀዳዳ ካለ በየምቱ መካከል የውጭ አየር ይስብና ሴንሰሩ «ኦክስጅን በዛ» ብሎ ይመሰክራል፣ ውሸቱን አይደለም፣ ግን ያ ኦክስጅን በሞተሩ አላለፈም። ማርሚታ በያጅ ጋ ሄዳ የመጣች መኪና ላይ ይሄን አትርሺ። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ጠዋት ቀዝቃዛ እያለ ሞተሩን አስነስቶ ኋላ ያለውን ጭስ መውጫ በጨርቅ ለትንሽ ሰኮንድ አፍኖ የሳሙና ውሃ መቀባት፣ አረፋ ያፈላልሻል።

ቤንዚን የት ነው ምትቀጂው? ማደያ ሰልፍ ሲበዛ መንገድ ዳር በሃይላንድ ሚሸጠውን ቀድተሽ ከነበረ ንገሪኝ፣ ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩም አያውቅም። ያንቺ ታሪክ ላይ ግን ዋናው እሱ አይመስለኝም፣ መጥፎ ቤንዚን ባቲና ደሴ አይመርጥም።

አሁን ወደ መካሪዎችሽ። የከፍታው ወሬ ግማሽ እውነት አለው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500፣ እዚህ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነፃፀር ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ የሐረጎን ዳገት ስትወጪ ጉልበት ቢያንሳት የማንም ጥፋት አይደለም፣ ሁሉም ላይ ነው። በካርቡራተር ዘመን ከፍታው ቤንዚን እንዲበዛባትና ጥቁር እንድታጨስ ያደርጋት ነበር፣ ሽማግሌ መካኒኮች ያንን ነው ሚያስታውሱት። ያንቺ ግን ሚገባውን አየር በክብደቱ ነው ምትለካው፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን ራሷ ትቀንሳለች። ደሞ እስቲ አስቢው፣ ከፍታ ቢሆን ሐምሌስ ደሴ የት ሄዳ ነበር?

ካታሊስቱን አስወጪ ያለሽን ሰው በደንብ እይው። ካታሊስት ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፣ ገዢ አለው፣ አውጥቶ የወሰደው ሰው በስንት እንደሚሸጠው አይነግርሽም። ካታሊስት ደከመ የሚለው ኮድ ፒ0420 ነው፣ አንቺ ጋ የለም። ካወጣሽው ግን ይመጣል፣ ለዘለቄታው። ከዛ ኋለኛው ሴንሰር ሥር ከጭሱ ምታርቀው የብረት ቡሽ አስገብተው ኮምፒውተሩን ሊያታልሉልሽ ነው፣ አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት።

የኋለኛው ሴንሰር ዋና ሥራው ካታሊስቱን መጠበቅ ነው፣ ቤንዚን ሚመጥነው በዋናነት የፊተኛው ነው። የሱ ኮዶች ከ0136 ጀምሮ እንደሆኑ ነግሬሻለሁ፣ አንዳቸውም የሉም። «ሁለቱ አብረው ነው ሚቀየሩት» ያሉሽ እንደሆነ ጫማ መስሏቸው ነው። ሴንሰር በቤንዚን ነክሮ በሽቦ ብሩሽ መፈተግም አይጠቅምም፣ ከላይ ያለውን ጥቀርሻ ታነሻለሽ፣ የታመመው ሴራሚኩ ነው። እንደውም ከተበላሸ «ምን አበላሸው» ብሎ መጠየቅ ነው ሚሻለው፣ ዘይት ሚያቃጥል ሞተር፣ ቴስታ ጓርኒሲዮን ተበልቶ የገባ የራዲያተር ፈሳሽ፣ ወይ መካኒክ በልግስና የቀባው ሲሊኮን ሁሉ ይገድለዋል፣ እነሱ ሳይጠገኑ አዲሱም ይሞታል።

የራስሽ የሆነ ትንሽ ብሉቱዝ ስካነር ግን ብትገዢ አልቃወምም፣ ኢኤልኤም 327 የሚባለው ዓይነት፣ ከመሪው ሥር ያለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ስልክሽ ላይ ያሳይሻል። አሜሪካ በፈረንጅ ከ1996 ጀምሮ ያንን ሶኬት ግዴታ ስላደረገች ያንቺ ዘመን መኪና ሁሉ አለው ማለት ይቻላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ያለችንን ነው ምናስታምመው፣ ባለቤቱ ራሱ ቁጥር ማንበብ ቢለምድ አይከፋም።

እስከዛው ባቲ መሄዱን አልከለክልሽም። መብራቱ በርቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ቀስ ብለሽ ንጂ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን፣ በተለይ ሐረጎ ላይ ስትጫኛት፣ ሲሊንደር ሳያቃጥል እየዘለለ ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ያግለዋል ያቀልጠዋልም፣ ዳር ያዢና አጥፊ፣ ያ የካንዴላ ወይ የኮይል ጉዳይ ነው፣ ሌላ ወሬ። የዘይትና የሙቀት መብራት ከዚህ ጋር እንዳይምታታብሽ፣ እነሱ ከበሩ ቀጥም አሉ ብልጭም አሉ ወዲያው ነው ምታጠፊው።

ነገ ጠዋት ከሁሉም በፊት ግን ጋራዡ ጋ ሄደሽ የፈቱትን አሮጌ ሴንሰር ጠይቂ። ያንቺ ንብረት ነው፣ በኔ ግምት ደሞ ምንም አልሆነም። «ጣልነው» ካሉሽ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ፣ ቡናም ካለ ጠጪ፣ እንዲህ ዓይነት ዕቃ አይጣልም፣ ተጠርጎ ለሚቀጥለው ሰው «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ይሸጣል። ካገኘሽው ማሞቂያውን ለክተው መልሰው ይግጠሙት፣ ኮዱ ይጥፋ (ያሁኑ ፎቶ በማይታመን ሴንሰር የተነሳ ነው)፣ ሁለት ሌሊት ውጭ ትደር፣ ከዛ የፍሪዝ ፍሬሙን ሙቀትና የሁለቱን ዙር ፊውል ትሪም ጽፈሽ ላኪልኝ።